ከመቶ የሚደውለው

ስልክ ሲሠራ ማንም ስለ ስልክ አያስብም። ሲበላሽ ግን የእኔ ስም ከበር እስከ በር ይጠራል። ስለዚህ በሥራዬ ምስጋና መጠበቅ የተውኩት ገና ድሮ ነው። ጠባዬም ቢሆን ልዝብ የሚባል አይደለም፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ፊት ለፊት እናገራለሁ። የራሴ ሲሆን እንዴት እንደምሆን ግን እስካለፈው ወር ድረስ አላውቅም ነበር።

የምሠራው ማዋለጃ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት አልጋ፣ ስድስት አዋላጆች፣ አንድ ዘበኛ፣ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩም ስልኩም የሚመለከተኝ እኔ። ልብስ አጣቢዋ አክስቴ ናት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እዚህ ሥራ እጄን ይዛ ያስገባችኝም እሷው ናት። አንሶላዋ ከመንጣቱ የተነሳ ሰው ሁሉ "እማማ በረዶ" ይላታል። እሷም ስሙን አትጠላውም፤ "ከእማማ እድፍ ይሻላል" ትላለች። በዚያ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷት አያውቅም።

አምና የቤቱን አሮጌ ስልክ ነቅዬ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ዘረጋሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የምንለው፣ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ይቀበልና በየክፍሉ ላሉት ስልኮች ያከፋፍላል። ለየክፍሉ ስልክ አጭር ቁጥር ሰጠሁት። የማዋለጃ ክፍሎቹ ከመቶ አንድ ጀምሮ ናቸው። መቶ የማጠቢያ ክፍሉ ነው፤ መጀመሪያ የሞከርኩት አክስቴ ክፍል ግድግዳ ላይ በሰቀልኩት ስልክ ስለነበር ነው። ሰርቨሩን ያስቀመጥኩት ከማጠቢያው ቀጥሎ ባለው የመተኮሻ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። ክፍሉ ደረቅ ነው፣ ይቆለፋል፣ ቁልፉም አክስቴ ዘንድ ነው። "ይኼ ሣጥንሽ እንቁላል ይጥላል ወይስ ዝም ብሎ ይሞቃል?" ትለኝ ነበር በሄድኩ ቁጥር።

ቤቱ አንድ ደንብ አለው። ስልኳ ላይ ሂሳብ የሌላት እናት ሚስኮል ታደርጋለች፤ አዋላጅ መልሳ ትደውልላታለች። ምጥ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሚስኮል ሳይመለስ ሁለት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ቤቱን የሚመሩት ዋናዋ ሲስተር ይህን በትልቁ አስጽፈው ከየስልኩ በላይ ለጥፈውታል። አዋላጆቹ እየበሉም ቢሆን ጉርሻቸውን አስቀምጠው ይደውላሉ። በዚህ ነገር የማይቀልዱ ሰዎች ናቸው፤ መከራችንም የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

ከአራት ወር በፊት ስልኩ አንዳንዴ ያለ ሰው መጮህ ጀመረ። ሲነሳ ጸጥ ይላል። ካልተነሳም ትንሽ ጮኾ ይቋረጣል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር 100 ነው። አዋላጆቹ በደንቡ መሠረት መልሰው ይደውላሉ፤ ማጠቢያ ክፍል ይጮሃል፤ አክስቴ እጇን ከአረፋ ውስጥ አውጥታ ታነሳለች።

"አቤት እማማ፣ ምን ፈለጉ?"

"እኔ? የደወላችሁት እናንተ! እኔ ምን ልፈልግ?"

መጀመሪያ ሳቁ። በቀን ሁለቴ ሦስቴ የነበረው አሥር ሲሆን ሳቁ ቀረ፤ ሃያ ሲሆን መነጫነጭ መጣ። ሲስተር ጠሩኝና "አጣሪው" አሉኝ። የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥሪ ማን ደወለ፣ መቼ ደወለ፣ ስንት ሰከንድ ቆየ እያለ በረድፍ ይጽፋል። "ማን ደወለ" የሚለውን ዓምድ አየሁ፤ መቶ፣ መቶ፣ መቶ ይላል። ላፕቶፔን ዘጋሁና እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

"ከማጠቢያ ክፍል ነው የሚደወለው። ኮምፒውተር አይዋሽም" አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ቀን ቃሌን ለመመለስ ብሞክርም አልችልም ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር አልሞከርኩም። በሥራዬ የምኮራ ሰው ነኝ፤ መዝገቡ ያለውን አልኩ፣ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ አንዷ "አርጅተዋል እኮ" አለች፣ ሌላዋ "ብቸኝነት ነው፣ የሚያወራቸው ሰው ፈልገው ነው" አለች። ዘበኛው ደግሞ፣ ሰው አይቀየምም ብሎ የሚያምን ሰው ነው፣ "እማማ፣ ፍቅር ከያዘዎት በቀጥታ ይንገሩን" አላት። ሲስተር ቢሯቸው ጠርተው መከሯት። "አልደወልኩም" ብላ ወጣች። ከዚያች ቀን ጀምሮ አክስቴ እኔን ማናገር አቆመች። አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። ሆኖም ማታ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "ለዚያች ልጅ ራቷ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ንገሯት" ትላለች። ማን እንዲነግረኝ እንደሆነ አላውቅም። ግድግዳው ነገረኝ መሰለኝ፣ በላሁ።

በዚያው ሰሞን መቶ ቁጥርን መልሰው ሲደውሉ የሚያነሳ ጠፋ። አሁን ደግሞ "ደውለው አያነሱም" ተባለ። ነገሩ ንቀት ሆነ።

ሰኞ ዕለት ግን ከቀልድ አለፈ። ረፋዱ ላይ ሁለት ተረኛ አዋላጆች ነበሩ። አንዷ በጸጥታው ጥሪ ላይ "አቤት፣ አቤት፣ ማን ልበል" እያለች፣ ሌላዋ መቶን መልሳ እየደወለች፣ ሁለቱም ስልኮች ተያዙ። በዚያች ደቂቃ አንዲት እናት ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል አላት። ደግማ ደወለች፤ ተይዟል። በመጨረሻ የጎረቤት ሰው በጋሪ አድርጎ አመጣትና በራችን ላይ፣ ዘበኛው ኮቱን አንጥፎላት፣ ወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ ልጁ እንዲያውም የአራት ወር ሕፃን ያህላል። ዋናዋ ሲስተር ግን እጃቸውን ታጥበው ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

"በቃ" አሉ። "ሐሙስ አራት ሰዓት የሠራተኛ ስብሰባ አለ። የስንብት ደብዳቤያቸውን በሰው ፊት እሰጣቸዋለሁ። በእናቶች መስመር የሚጫወት ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አይውልም።"

አክስቴ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በእኔ ቃል፣ እንደ ሌባ ልትባረር ነው። ረቡዕ ጠዋት ልቤ አልችል ብሎኝ ማጠቢያ ክፍል ሄድኩ። የሄድኩት ላማልዳት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። "ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ ተሳሳትኩ በያቸው፣ ይተዉሻል" ልላት ነበር። አልኳትም።

አክስቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ወደ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ዞራ፣

"ሰማህ? ያልሠራሁትን ሠራሁ በይ ትለኛለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው" አለችው። ማሽኑ መዞሩን ቀጠለ።

"አክስቴ፣ መዝገቡ እኮ..."

"መዝገቡ!" አለች፣ አሁንም ለማሽኑ። "ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ማንበብ ስትችል ማየት የምትችል መስሎኝ ነበር።" እጇን በሽርጧ ጠረገችና የሳሙና ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሳሙና ዱቄት ከረጢቶች ኋላ፣ ስልኩ ተቀምጧል። ገመዱ በራሱ ላይ ተጠምጥሟል። ላዩ በዱቄት ነጥቷል። "ሲስተር ቢሮ ጠርተው ከመከሩኝ ቀን ጀምሮ ነቅዬ እዚህ አስገብቼዋለሁ። አስራ አምስት ቀኑ ነው። እስቲ ከዚህ ሆኖ እንዴት እንደሚደውል ያስረዱኝ!"

 ሰኞ ደወለ የተባለው ስልክ ይኼ ነው፤ ሰኞ ይኼ ስልክ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ይብስ የሚያናድደው ሰርቨሩ ነግሮኝ ነበር። መቶ ቁጥር አጠገብ ቀይ ነጥብ ካበራ አስራ አምስት ቀኑ ነው፤ "ይኼ ስልክ የለም" ማለት ነው። አይቼው "አሁን ደግሞ ምን አበላሸችው" ብዬ አልፌዋለሁ።

መተኮሻ ክፍል ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ከአፉ ነበር የጠጣሁት። አሁን "ማን ደወለ" የሚለውን ትቼ ቀጥሎ ያለውን ዓምድ አየሁ፤ ጥሪው ከየት አድራሻ መጣ የሚለውን። የቤታችን ስልኮች አድራሻ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁጥር ይጀምራል። የእነዚህ ጥሪዎች አድራሻ ግን አይመስለውም። አንዱ ከዓለም አንድ ጫፍ ነው፣ ሌላው ከሌላው ጫፍ። ሁሉም ስማቸውን "መቶ" ብለዋል።

ይኼን ነገር ማንም የሙያው ሰው ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው የተቃጠልኩት። ኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን እየዞሩ የስልክ ሰርቨር በር የሚያንኳኩ ማሽኖች አሉ። በሩ ክፍት የሆነ ካገኙ ገብተው በሰው መስመር ሊደውሉበት ነው። ሲያንኳኩ ደግሞ የፈለጉትን ቁጥር ስማችን ነው ይላሉ፤ ብዙዎቹ የሚወዱት መቶን ነው። ሰርቨር ካልተነገረው በቀር መታወቂያ አይጠይቅም። "መቶ ነኝ" ካሉት "መቶ ደወለ" ብሎ ይጽፋል።

ታዲያ ያልታወቀ ሰው ለምን ገባ? ይኼንን መልስ ለማግኘት ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አምና ስልኩን ስዘረጋ በመጀመሪያው ቀን የውጭ ጥሪ አልገባ ብሎ አስቸገረኝ። ሲስተር ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔም "የደወለ ሁሉ ይግባ" የሚለውን ከፈትኩት። ስልኩ ጮኸ፣ ተጨበጨበልኝ። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ያ ነገ ዓመት ሞላው። በዚያ ላይ የስልኮቹ ሁሉ ፓስወርድ አንድ ነበር፣ እንዳልረሳው ብዬ። መዝገቡ ላይ ማሽኖቹ በሺህ የሚቆጠር ግምት ሞክረዋል። አንድ ቀን ይመቱት ነበር።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ቁጭት ነበር፤ ለአክስቴም ነበር። ከዚያ ፊቴን በንጹሕ ፎጣ ጠረግሁና ሥራ ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ የእያንዳንዱን ስልክ ፓስወርድ ለየብቻው፣ ረጅምና ምላስ የሚያስተሳስር አደረግሁት። ሦስቴ ተሳስቶ የሞከረ አድራሻ እንዲታገድም አዘዝኩ። ለተረኞቹ "መቶ ሲል አታንሱ፣ መልሳችሁም አትደውሉ፣ በእኔ ይሁንባችሁ" አልኳቸው። ዋናውን በር ግን አልዘጋሁትም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ብዘጋው ጥሪው ያን ሰዓት ያቆማል፣ ማንም ስለ እኔ ስህተት አያውቅም። ግን ሁሉም "ፈርተው ተዉት፣ እሳቸው ነበሩ ማለት ነው" ይላሉ። አክስቴ ጥፋተኛ ሆና ትወጣለች። ስለዚህ ሌባው እስከ ሐሙስ አራት ሰዓት በነፃነት እንዲገባ ተውኩት።

ሐሙስ ትልቁ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። አክስቴ ነጭ ጋውኗን ተኩሳ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፤ ወደ ስንብቷ ሳይሆን ወደ ሠርግ የመጣች ትመስላለች። ሲስተር ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ብዕራቸውን ከፈቱ።

"ከመፈረምዎ በፊት ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ" አልኩ።

"ለምን?"

ከቦርሳዬ የማጠቢያ ክፍሉን ስልክ አወጣሁና ጠረጴዛው መሐል አኖርኩት፤ ዱቄቱ ገና አልተራገፈም። ገመዱን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ። "መቶ ቁጥር ይኼውላችሁ። ገመዱ እጄ ላይ ነው። እማማ በረዶም እዚህ ተቀምጠዋል። ከዚህ በኋላ መቶ ከደወለ የደወለው ሌላ ነው።"

የክፍሉን ስልክ ከፊታችን አድርገን መጠበቅ ጀመርን። በመዝገቡ መሠረት በየሩብ ሰዓቱ አንድ መምጣት ነበረበት። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ምንም የለም። አሥር ሆነ። ሦስት ወር ያሰለቸን ጥሪ በተፈለገበት ቀን ጠፋ።

"ሌባም ዓመት በዓል አለው እንዴ?" አለ ዘበኛው።

አሥራ አምስት አለፈ። መዝገቡን ደጋግሜ ከፈትኩ። አክስቴ ግን ጣቶቿን አቆላልፋ ቁጭ ብላለች። ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ፣ ብዕሩን አነሱ፣ "በቃ ልጄ፣ ሞክረሻል" አሉና ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ስልኩ ጮኸ።

ሁላችንም ተንጠራራን። ስክሪኑ ላይ 100 ይላል። የሲስተር ዓይን ከስክሪኑ ወደ ዱቄታሙ ስልክ፣ ከስልኩ እጄ ላይ ወዳለው ገመድ፣ ከገመዱ ወደ አክስቴ ሄደ። አንስተው "ሃሎ?" አሉ። ጸጥታ ነው። "ሃሎ! ማን ልበል?" ጥሪው ተቋረጠ።

"እኔ አይደለሁም፣ እጄ እዚህ ነው" አለች አክስቴ፣ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አንስታ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "አርጅተዋል" ያለችው አዋላጅ ተነስታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔይቱ እውነት ግን ገና አልጠራችም ነበር። ሳቁ ሲበርድ ላፕቶፔን ወደ እነሱ አዙሬ አድራሻዎቹን አሳየሁ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"እነዚህ እንዲገቡ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አምና ለአንድ ቀን ብዬ ከፍቼ ረሳሁት። መዝገቡንም ግማሹን ብቻ አንብቤ አክስቴን በሰው ፊት ከሰስኳት። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ የተባለውን ነው የጻፈው። ያላጣራሁት እኔ ነኝ። ሰኞ እናትየዋ መስመሩ የተያዘባትም በእኔ ጥፋት ነው። ትናንት ደርሼበት ነበር፤ እናንተ እንድታዩት ብዬ ነው ሳልዘጋው ያደርኩት።"

 መልስ ሳልጠብቅ ወደ ሥራው ገባሁ። "የደወለ ሁሉ ይግባ" የሚለውን ዘጋሁ። ፋየርዎል የሚባለውን የሰርቨሩን ዘበኛ፣ መስመር ከሚሰጠን ድርጅት አድራሻ በቀር ከውጭ ማንንም እንዳያስገባ አዘዝኩት። "ተዘጋ" አልኩ።

"እንሞክረው" አሉ ሲስተር። ሞባይላቸውን አውጥተው የቤቱን ቁጥር ደወሉ። ጠበቅን። ስልኩ አልጮኸም። ደግመው ደወሉ። አልጮኸም።

"ሌባውን ከልክለሽ ባለቤቱንም ከለከልሽ?" አለ ዘበኛው። አሁን የሳቀ የለም። በዚያች ሰዓት ምጥ የያዛት እናት ብትደውል ማንም አይሰማትም።  የልብስ እድፍ አልለቅ ሲላት አክስቴ "አትቸኩይ፣ ከየት እንደመጣ እይ" ትል ነበር። እኔም አየሁ። ፋየርዎሉ ሲስተር የደወሉትን ሁለት ጥሪ መልሷል፤ የመጡት እኔ ከጻፍኩት ሌላ ከሆነ አድራሻ ነው። ድርጅቱ አምና የላከልኝን ደብዳቤ ኮምፒውተሬ ላይ ፈልጌ ከፈትኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በደማቁ፣ "ጥሪዎች ከሁለት አድራሻ ይመጣሉ" ይላል። ሁለተኛውን ገጽ አንብቤው አላውቅም። ጻፍኩት።

"አሁን ይደውሉ።"

ስልኩ ጮኸ፤ የሲስተር ቁጥር ወለል ብሎ ታየ። አንስቼ "ሃሎ" አልኩ፤ ከፊቴ ቆመው "ሃሎ" አሉኝ፤ ድምፃቸው በሁለቱም ጆሮዬ ገባ። አዋላጆቹ አጨበጨቡ። ብዙም ሳይቆይ ላፕቶፑ ላይ መስመር ወጣ፦ መቶ ነኝ ባይ መጣ፣ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ እሱም ተመለሰ። አዋላጆቹ እንደ ኳስ ጨዋታ ተሰብስበው ያያሉ፤ አንዱ በተባረረ ቁጥር "ውጣ!" ይላሉ። ስልኩ ግን ጸጥ እንዳለ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሕይወቴ ያን ያህል ያማረ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ሲስተር ደብዳቤውን ሊቀድዱት አነሱት።

"አይቅደዱት" አለች አክስቴ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ስህተት ነው፣ እናጥፋው።"

"ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በኋላ አንዱ ፋይል ውስጥ ቅጂው ቢወጣስ? ጀርባው ላይ 'ሐሰት ነው' ብለው ይጻፉበት። ይፈርሙበት። ማኅተምም ይምቱበት።"

ሲስተር ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አስመጥተው መቱ። አክስቴ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ሲስተር ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው የሰኞው ነበር።

"እንግዲህ ደብዳቤው የሚገባው ለሌላ ሰው ነው ማለት ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። ምን እላለሁ? ልክ ናቸው። ከፊት ወንበር ግን አክስቴ ተነሳች።

"ሲስተር፣ ልናገር። ይህች ልጅ እኔን ስትከስ ሁላችሁም አመናችኋት፣ ያለ ማስረጃ። ዛሬ ራሷን ስትከስ ማስረጃ ይዛ መጣች። ትናንት ብትዘጋው ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? እናንተ ታውቁ ነበር? እኔ አውቅ ነበር? ሌላ ሰው ብታመጡ በሩን ክፍት አድርጎ ይረሳል፣ ጥፋቱንም አይነግራችሁም። ይህች ግን ከዛሬ ጀምሮ በሕልሟም በር ስትዘጋ ነው የምታድረው። ከእሷ የተሻለ ዘበኛ ካገኛችሁ አባሯት።"

"እኔስ?" አለ ዘበኛው።

"አንተ ዝም በል፣ ኮትህን አጥቤልሃለሁ" አለችው።

ሲስተር ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ" አሉኝ፣ ጣታቸውን ቀስረው። "ደግሞም በየወሩ በሩን መዝጋትሽን ፈርመሽ ታሳዪኛለሽ።" ማስጠንቀቂያ ደርሶት እንደ እኔ ደስ ያለው ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሲሉ ስልኩ አንዴ ጮኾ ተቋረጠ። ሁላችንም ዞር አልን። ስክሪኑ ላይ ያለው ሙሉ የሞባይል ቁጥር ነው፤ እውነተኛ ሚስኮል። ሲስተር ራሳቸው መልሰው ደወሉ።

"አቤት እናት... እሺ... በስንት ደቂቃ ነው የሚመጣው ምጡ? በሦስት? አይዞሽ፣ የት ነሽ? ... አትነሺ፣ አሁን ሰው እንልክልሻለን።" ስልኩን ሳያስቀምጡ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አዋላጆቹ ወንበር እየገፉ ተነሱ፤ ዘበኛው በሩን ሊከፍት ሮጠ። ስብሰባው እንደዚያ ተበተነ።

አክስቴ ቀድማ ኮሪደሩ ላይ ደርሳለች። ከማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ከአቅሟ በላይ የሆነ፣ በንጹሕ አንሶላ የተሞላ ቅርጫት አነሳችና ቆም አለች። ግድግዳውን አላየችም፣ ማሽኑንም አላየችም። ቀጥ ብላ ዓይኔን አየችኝ።

"አንቺ" አለችኝ። "ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? በዚያ በኩል ያዢልኝ እንጂ!"

ያዝኩላት። ሁለታችን ቅርጫቱን መሐላችን አድርገን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ሮጥን።